ጫማ ሰፊው ያነጸው ኮሌጅ

ስለ ዊልያም ኬሪ ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ብዙ አይገኝም። ጫማ ሰፊ እንደ ነበረ፣ ወደ ሕንድ አገር እንደ ተሻገረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በቤንጋልኛና በሌሎችም ብዙ የሕንድ ቋንቋዎች እንደ ተረጐመ በየጊዜው ይነገረናል። እኛም ይህንኑ ለመድገም ብዕር አላነሣንም። ውድ አንባቢዎቻችን፣ ልናስተዋውቃችሁ የምንፈልገው ብዙ ያልተወራለትን ኬሪ ነው፤ የኮሌጅ ሕንጻ ያሠራውን፣ ስለ አዳራሽና ስለ ብረት ደረጃ ያሰበውን፣ በግቢው ዛፍ ተክሎ ያሳደገውን፣ በመጨረሻም ስለዚያው ግቢ በገዛ ወገኖቹ የተወቀሰውን ኬሪ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲወያዩ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ ወገን ገንዘቡ ለሰው ይዋል፣ ግድግዳ ነፍስ የለውም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ተማሪው የት ይቀመጣል፣ መጽሐፉስ የት ይደረደራል ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያለ እውነት አይናገሩም። ክርክሩ ግን አዲስ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሕንድ አገር በሁግሊ ወንዝ ዳር ተነሥቶ የቆዩ ወዳጆችን እስከ መለያየት አድርሶ ነበር፤ በመካከሉም የቆመው ይህ ጫማ ሰፊ ነበር።

ኬሪ የተወለደው በ1761 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖርዝሃምፕተንሺር አውራጃ፣ ፖለርስፐሪ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሸማኔ ነበር፤ በኋላ የመንደሩ አስተማሪ ሆነ። ልጁ ግን ከመንደር ትምህርት ቤት ያለፈ ትምህርት ሳያገኝ ገና በልጅነቱ ጫማ መስፋት እንዲማር ተሰጠ። የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ጫማ ሰፊ! በአገራችን የእጅ ባለሙያ ምን ዓይነት ስም ይሰጠው እንደ ነበር የምናውቅ ሁሉ ይህ ነገር እንዲሁ ሊያልፈን አይገባም። ኬሪ ከቆዳውና ከወስፌው ጎን መጽሐፍ እያስቀመጠ ላቲንን፣ ግሪክንና ዕብራይስጥን በራሱ ጥረት አጠና፤ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይም በእጁ የሠራውን የዓለም ካርታ ለጥፎ በየአገሩ ያለውን ሕዝብ ይመረምር ነበር። ኮሌጅ የገባ ተማሪ ሆኖ ግን አያውቅም። ለኮሌጅ ሕንጻ ያን ያህል መጨነቁ ከዚሁ የመጣ ይመስለናል፤ የተማሪ ወንበር ያላገኘ ሰው ነዋ ወንበሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው።

በ1792 ዓ.ም. የባፕቲስት ሚስዮን ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከነቤተሰቡ በዴንማርክ መርከብ ተሳፍሮ ከአምስት ወር ጉዞ በኋላ ካልካታ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መራራ ነበሩ። የሰማያዊ ቀለም ተክል በሚጨመቅበት ፋብሪካ አስተዳዳሪ ሆኖ ራሱን እያስተዳደረ ሲኖር፣ በ1794 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጁ ፒተር ሞተበት። ባለቤቱ ዶሮቲም ከዚያ በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስም አልዳነችም። ስለ ኬሪ ሲጻፍ ይህች ሴት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ትታለፋለች። እኛም ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለንም፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምንተርከው ሥራ ሁሉ ሲጀመር በዚያው ግቢ አንዲት የምትሠቃይ እናት እንደ ነበረች አንባቢ ልብ ይበልልን።

በዚያ ዘመን ሕንድን የያዘው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው የሕዝቡ ሃይማኖት ከተነካ ንግዴ ይታወካል ብሎ ስለሚፈራ ሚስዮናውያንን አይወድም ነበር። ስለዚህ በ1799 ዓ.ም. ለኬሪ ረዳቶች ሆነው የመጡት ጆሹዋ ማርሽማንና ዊልያም ዋርድ በእንግሊዝ ይዞታ መቀመጥ ስላልተፈቀደላቸው ከካልካታ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሴራምፖር ሄዱ። ሴራምፖር የዴንማርክ ይዞታ ነበረች። ኬሪም በጥር 1800 ዓ.ም. መጥቶ ተቀላቀላቸው።

በዚያው ዓመት በወንዙ ዳር አንድ ሰፊ ቤት ከነግቢው ገዙ። አኗኗራቸው የሚያስደንቅ ነበር። ማርሽማን መምህር፣ ዋርድ የማተሚያ ቤት ባለሙያ፣ ኬሪ የቋንቋ ሰው፤ ሁሉም በአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ የሚያገኙትን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ካዝና ያስቀምጣሉ፤ በየቅዳሜው ማታ ደግሞ ተሰብስበው በሳምንቱ የተቀያየሙትን ያስታርቃሉ። ማርሽማንና ባለቤቱ ሐና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ገቢ አመጡ። ዋርድ ከማተሚያው አስገባ። ኬሪ በ1801 ዓ.ም. ካልካታ በሚገኘው በፎርት ዊልያም ኮሌጅ፣ የእንግሊዝ ሹማምንት የአገሩን ቋንቋ በሚማሩበት ተቋም፣ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። በወር 500 ሩፒ ይከፈለው ጀመር፤ በኋላም 1,000 ደረሰ። ይህ በጊዜው ብዙ ገንዘብ ነበር። በየሳምንቱ በጀልባ ካልካታ ወርዶ አስተምሮ ይመለሳል፤ ደመወዙንም ከጥቂቱ በቀር በጋራው ካዝና ያስገባዋል። ሸክሙን ለሦስት ሲካፈሉት ጌጥ ሆነላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምረን እንለፍ። የሴራምፖር ግቢ የተገነባው በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር በተላከ መዋጮ አልነበረም። የተገነባው በመምህር ደመወዝ፣ በአዳሪ ተማሪ ክፍያና በማተሚያ ገቢ ነው። በኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 1812 ዓ.ም. ማታ ማተሚያ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ሕንጻው 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ዋርድና ማርሽማን በሩንና መስኮቱን ዘግተው በጣሪያው በኩል ውኃ ሲያፈሱ ቆይተው ነበር፤ ኋላ ግን መስኮት ሲከፈት ነፋስ ገብቶ እሳቱን አባባሰው፤ ጣሪያውም ወደቀ። ወረቀት፣ በብዙ ቋንቋ የተቀረጸ ፊደል፣ ኬሪ ብዙ ዓመት የደከመበት የመዝገበ ቃላትና የሰዋስው ጽሑፍ ሁሉ ዐመድ ሆነ። ኬሪ በዚያ ሌሊት ካልካታ ነበር። ወሬውን ይዞለት የሄደው ማርሽማን ነው። ኬሪ ግን ተመልሶ ፍርስራሹን ካየ በኋላ ሥራውን ከዜሮ ጀመረ። የማተሚያ መኪናዎቹ በጊዜ በመውጣታቸው ተርፈው ነበር፤ ፊደል የሚቀረጽባቸው የብረት ምልክቶችም ከዐመዱ ውስጥ ሳይበላሹ ተገኙ። የቀለጠውን እርሳስ ለቅመው እንደ ገና ፊደል አፈሰሱበት፤ በአጠገባቸው ሰሞኑን የተለቀቀ መጋዘን ስለ ነበረ ሥራውን ወደዚያ አዛወሩት። የጠፋው ንብረት ወደ 10,000 ፓውንድ የሚገመት ሲሆን፣ ወሬው እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ በሁለት ወር ውስጥ ያህል መዋጮው ተሟላ። ያን ጊዜ ቃጠሎው ሴራምፖርን በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር አደረጋት። ዝናው ግን ዐይንም አመጣ።

ወረቀትም ሌላው ችግር ነበር። የአገሩን ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፤ የእንግሊዙ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን የወረቀት ፋብሪካ አቋቋሙ። ማሽኑን የሚያሽከረክሩት እንደ ደረጃ እየረገጡ የሚያዞሩት አርባ ያህል ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ ወድቆ በማሽኑ ተጨፍልቆ ሞተ። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ አገር በቦልተን ከተማ የተሠራ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር አስመጡ፤ በመጋቢት 1820 ዓ.ም. ተተከለ። በሕንድ ውስጥ እንዲህ ላለው ሥራ የእንፋሎት ኃይል ከዋለባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህ ግቢ ነው። የአካባቢው ሕዝብ የእሳት ማሽን የሚል ስም አውጥቶለት ለማየት ይጎርፍ ስለ ነበር ባለ ሞተሩ ሥራ መሥራት ተቸግሮ ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ኮሌጁ እንመለስ። በ1818 ዓ.ም. ሦስቱ ወዳጆች በየመንደሩ ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው፤ ተማሪውም ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። ከእነዚህ ልጆች መካከል ብልህ የሆነው ከዚያ በኋላ የት ይሂድ? በሐምሌ ወር የኮሌጁን ዓላማ አሳትመው አወጡ። ክርስቲያን የሆኑትም ያልሆኑትም የእስያ ወጣቶች የምሥራቁን ሥነ ጽሑፍና የአውሮፓን ሳይንስ አብረው የሚማሩበት እንዲሆን አሰቡ። ዘር፣ የቆዳ ቀለምና የትውልድ አገር ማንንም እንዳይከለክል ተወሰነ። ሰው እንደ ተወለደበት ወገን ውኃ እንኳ አብሮ በማይጠጣበት አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ሳንስክሪት፣ ቤንጋልኛ፣ ሥነ ፈለክ፣ ሥነ ዕፅ ተመደቡ። ትምህርቱም በተቻለ መጠን በአገሩ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈለጉ፤ በኋላ አሌክሳንደር ደፍ በ1830 ዓ.ም. ካልካታ የከፈተው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከመረጠው ጋር ሲነጻጸር የኬሪ መንገድ የተለየ ነበር። ትምህርቱ የተጀመረው በ37 ተማሪዎች ነው።

ለ37 ተማሪ የታቀደው ሕንጻ ግን እንዲህ ያለ ነበር። ንድፉን ያወጣው ሜጀር ዊኬዴ የተባለ የዴንማርክ መኮንን ነው። ዋናው ሕንጻ 40 ሜትር ያህል ርዝመትና 36 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ፊቱን ወደ ወንዙ መልሶ ስድስት ታላላቅ ዓምዶች ይዘውታል፤ የአንዱ ዓምድ ውፍረት ከሥሩ ከ1 ሜትር ከ20 ይበልጣል። በላይኛው ፎቅ ያለው አዳራሽ 29 ሜትር በ20 ሜትር ሲሆን በሁለት ረድፍ ዓምዶች የተደገፈ ነው፤ ዓመታዊ ፈተና እንዲሰጥበት ታስቦ ነበር። በላይና በታች 12 ክፍሎች አሉት፤ ስምንቱ ሰፋፊ ናቸው። የደረጃው ቤት ብቻውን ከፍታው 14 ሜትር ነው፤ በውስጡም ከእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም በመርከብ የመጡ ሁለት ጠመዝማዛ የብረት ደረጃዎች ግራና ቀኝ ይወጣሉ። የግቢው በርም እዚያው በርሚንግሃም የተሠራ ነው፤ ዙሪያውም በብረት አጥር ተከብቧል። ከወንዙ ማዶ ባራክፑር ይታያል፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ገዢ የበጋ ማረፊያ የነበረው በዚያ ነው። እንግዲህ ሚስዮናውያኑ እንዳይገቡበት የከለከለው መንግሥት ሹም መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ማዶ የሚያየው የእነርሱን ኮሌጅ ሆነ። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው ማለት አንችልም፤ ነገር ግን ኬሪና ወዳጆቹ አልጠሉትም ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ደግነቱ በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ሎርድ ሄስቲንግስ የኮሌጁ ጠባቂ ለመሆን ፈቅደው ነበር።

ወጪው ወደ 15,000 ፓውንድ ደረሰ። ዋርድ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ እየዞረ ለተማሪዎቹ መደገፊያ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር፤ ሰጪዎቹ ግን ለግድግዳ መስጠት አልወደዱም። ስለዚህ ሕንጻውን እዚያው ሕንድ ያሉት ራሳቸው እንዲያሠሩት ሆነ፤ አሠሩትም። ከአሜሪካ የመጣውም ስጦታ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፦ ከገንዘቡ አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይንስ ለማስተማር እንዳትውል። ኬሪ በዚህ በጣም ተቈጣ። ወጣት ያለ ሳይንስ ለአገልግሎት ሊሠለጥን ይችላል ብሎ ማሰብ ጠባብነት ነው ብሎ ጻፈ። እርሱ ራሱ በኮሌጁ ሃይማኖትንና ሥነ ዕፅን ያስተምር ነበርና ሁለቱን በሁለት ኪስ የሚይዝ ሰው አልነበረም። በ1821 ዓ.ም. ከዋርድ ጋር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጆን ማክም ኬሚስትሪ ያስተምር ጀመር፤ በ1834 ዓ.ም. በቤንጋልኛ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አወጣ።

ስለ አትክልቱ ስፍራ ካልተናገርን ኬሪን አላወቅነውም። ቦታው 2 ሄክታር ያህል ነበር፤ ዕፀዋቱም በሊኔየስ ሥርዓት በየነገዳቸው ተደርድረዋል። የማሆጋኒ ዛፎች ግራና ቀኝ የቆሙበት መንገድ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ እየተመላለሰ ይጸልያል። ዘር ከመላው ዓለም ይላክለታል፤ እርሱም ይልካል። አንድ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር ዘር የመጣበትን ከረጢት አፈር በጥላ ሥር አራግፎ ቢተወው ከጥቂት ቀን በኋላ የአገሩ የሜዳ አበባ በቀለችለት። ዳግመኛ አገሩን ሳያይ የሞተው ሰው በዚህች ትንሽ አበባ እንደ ሕፃን ተደሰተ፤ ዘሯንም በየዓመቱ እየጠበቀ አስቀጠላት። በ1820 ዓ.ም. የሕንድን የእርሻና የአትክልት ማኅበር የመሠረተውም እርሱ ነው። ተማሪዎች በወንበር ላይ ተቀምጠው የሰሙትን ሥነ ዕፅ ወጥተው በእጃቸው የሚነኩበት ግቢ መሆኑ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ነገር ሆኖ ታይቶናል፤ ዛሬም ብዙ ኮሌጅ የሌለው ነገር ነው።

የ1823 ዓ.ም. ዘመን ግን ክፉ ሆነ። በመጋቢት ዋርድ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመት ማተሚያ ቤቱን የያዘ ሰው ነበር። በጥቅምት ኬሪ ከካልካታ ሲመለስ ከጀልባ ሲወርድ ወድቆ ዳሌውን ክፉኛ ተጐዳ፤ ለብዙ ቀን አልጋ ላይ ዋለ። ተኝቶ ሳለ ወንዞቹ ከዳር እስከ ዳር ሞሉ። ጎርፉ አትክልቱን አጥለቀለቀው፤ ኬሪ የሚኖርበትም ቤት ስለሚያሰጋ በኮሌጁ አጠገብ ወደ ተሠራው አዲስ ቤት ተሸክመው አዛወሩት። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ የኮሌጁ ግቢ ነዋሪ ሆነ።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። በእንግሊዝ አገር የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው የኬሪ ወዳጅ አንድሩ ፉለር በ1815 ዓ.ም. ሞተ። እርሱ በሕይወት ሳለ ሁሉም ነገር በመተማመን ይሄድ ነበር። የተተኩት ሰዎች ግን ኬሪን በዐይናቸው አይተውት አያውቁም። የሴራምፖር ቤትና ግቢ በማን ስም ነው ብለው ጠየቁ፤ በለንደን ለሚሾሙ ባለአደራዎች እንዲተላለፍም ፈለጉ። ጥያቄው በራሱ ክፉ አልነበረም። የማኅበር ንብረት በማኅበር ስም መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሰው ይሞታል፣ ልጅ ይወርሳል፣ ወራሽ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ሦስቱ ሰዎች ደግሞ በላባችን የሠራነውን፣ ለእግዚአብሔር ሥራ የሰጠነውን፣ በሺህ የሚቈጠር ማይል ርቆ የተቀመጠ ሰው እንዴት ያዝዝበታል አሉ። በዚህ መሐል ከእንግሊዝ የመጡ ወጣት ሚስዮናውያን ከሽማግሎቹ ጋር ሊስማሙ ባለመቻላቸው ተለይተው ካልካታ ተቀመጡ። ሐሜትም ተከተለ፦ ሴራምፖሮች ሀብታም ሆነዋል፣ እንደ መሳፍንት ይኖራሉ፣ ግሪክ ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንጻ ሠርተዋል ተባለ። ያ ስድስት ዓምድ ለሐሜተኛ ምስክር ሆነለት። ሩቅ ያለ ሰው የኬሪን ሰሐን ማየት አይችልም፤ የኮሌጁን ሥዕል ግን ማየት ይችላል። በ1827 ዓ.ም. መጋቢት ሁለቱ ወገኖች ተለያዩ። ኬሪ ራሱ ካቋቋመው ማኅበር ተለየ ማለት ነው።

ለመሆኑ ከሳሾቹ ፍጹም ተሳስተው ነበርን? በገንዘቡ ነገር አዎን። በሕንጻው መጠን ግን እኛ ስንወያይ ሁላችንም አልተስማማንም። ለ37 ተማሪ 29 ሜትር አዳራሽ ምን ያደርጋል ያለ ከመካከላችን አለ። ለዛሬው ተማሪ ሳይሆን ለሚመጣው ነው የታነጸው ያለም አለ። የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ነገር ግን ለሕንጻው የዋለው ገንዘብ ለመምህራን ደመወዝ መጠባበቂያ ቢሆን ኖሮ በኋላ የመጣው ችግር ይቀል እንደ ነበር መካድ አንችልም።

በዚያው በ1827 ዓ.ም. ማርሽማን ኮፐንሃገን ሄዶ ከዴንማርክ ንጉሥ ከፍሬደሪክ 6ኛ ቻርተር ይዞ ተመለሰ። ንጉሡ ቀደም ብለው ለሦስቱ የወርቅ ሜዳልያ፣ ለኮሌጁም ኪራዩ ገቢ የሚሆን ትልቅ ቤት ሰጥተው ነበር። ቻርተሩ ኮሌጁ እንደ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንዲሰጥ ፈቀደ። በእስያ ምድር እንዲህ ያለ መብት የተሰጠው በዘመናዊ መልክ የተቋቋመ ኮሌጅ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ነገር ግን ከ1830 ዓ.ም. ጀምሮ በካልካታ የነበሩ ታላላቅ የንግድ ቤቶች አንዱ ካንዱ እየተከታተሉ ከሰሩ፤ የኮሌጁና የሚስዮኑ ገንዘብ የተቀመጠው በእነርሱ ዘንድ ነበር። ፎርት ዊልያም ኮሌጅም የመምህርነቱን ቦታ ስላስቀረው የኬሪ ደመወዝ ወደ ጡረታ አበል ወረደ። በ1831 ዓ.ም. ደግሞ ዐውሎ ነፋስ የማሆጋኒ ዛፎቹን ገነደሳቸው። ሽማግሌው በመንኰራኵር ወንበር እየተገፋ አትክልቱን ይጎበኝ ነበር፤ አትክልተኞቹንም ለመምከር ይሞክር ነበር።

ሰኔ 9 ቀን 1834 ዓ.ም. በ72 ዓመቱ ሞተ። የዴንማርክ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ በማግሥቱ በዝናብ ተቀበረ። ኑዛዜው ተከፍቶ ሲነበብ በሴራምፖር ቤትና ግቢ ላይ ምንም ዓይነት የግል መብት እንደሌለው የሚያረጋግጥ ሆኖ ተገኘ። ዛጎሉን፣ ማዕድኑን፣ ነፍሳቱንና የደረቁ ዕፀዋት ስብስቡን ለኮሌጁ ተወ። ለልጁ ለጃቤዝ የሚሰጠው 1,500 ሩፒ ግን መጻሕፍቱ ተሸጠው እንዲገኝ አዘዘ፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረውምና። እንደ መስፍን ይኖራል የተባለው ሰው ንብረት ይህ ነበር።

ማርሽማን በ1837 ዓ.ም. ሲሞት ሚስዮኑ ተመልሶ ከማኅበሩ ጋር ተዋሐደ። ዴንማርክ በ1845 ዓ.ም. ሴራምፖርን ለእንግሊዞች ሸጠች፤ የኮሌጁ የቻርተር መብት እንዲጠበቅ ግን በውሉ ውስጥ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ውጣ ውረድ የበዛበት ነው። ኮሌጁ ገንዘብ እያጣ ሄደ፤ በ1883 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ክፍሉ ተዘግቶ ሕንጻው ለቤንጋል ክርስቲያኖች ማሠልጠኛ ብቻ ዋለ። ትልቁ አዳራሽ፣ ጠመዝማዛዎቹ ደረጃዎች፣ ሰፋፊዎቹ ክፍሎች ሁሉ ከሚገባቸው በታች ሲያገለግሉ ኖሩ። የኬሪ ተቃዋሚዎች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዚያ ጊዜ የሚሉት አያጡም ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጆርጅ ሃወልስ የተባለ መምህር የኮሌጁ ኃላፊ ሆነ። አዲስ ኮሌጅ ለማቋቋም መሬት መግዛት፣ ሕንጻ መሥራት፣ ከመንግሥት ፈቃድ መለመን አላስፈለገውም። አዳራሹ ቆሞ ነበር፤ ዓምዶቹም፣ ደረጃዎቹም፤ ቻርተሩም በሣጥን ውስጥ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የከፍተኛው የሥነ መለኮት ትምህርት እንደ ገና ተከፈተ፤ በ1915 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የሥነ መለኮት ዲግሪዎች ተሰጡ። ንጉሡ መብቱን ከሰጡ 88 ዓመት፣ ኬሪ ከሞተ ደግሞ 81 ዓመት ሆኖት ነበር።